ከጣና መረብ እስከ ገዢው እጅ፦ የዓሣ ማቆያ ዘዴዎች ንጽጽር

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ዓሣ የሚረከቡ ማኅበራት፣ ነጋዴዎችና ምግብ ቤቶች በአንድ ጥያቄ ላይ ደጋግመው ይቆማሉ፦ ዓሣው ሳይበላሽ ገበያ እንዲደርስ ገንዘባቸውን በምን ላይ ያውሉ? አንዱ በረዶና አይስ ቦክስ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ዲፕ ፍሪዘር ግዙ ይላል፤ ሦስተኛው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይዞ ይመጣል፤ አራተኛው ደግሞ ዓሣውን አድርቆ መሸጥ እንደሚያዋጣ ያስረዳል። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ዘዴ ጥቅም ብቻ ስለሚናገር፣ ገዢው የሚያወዳድርበት የጋራ መለኪያ ሳይኖረው ይወስናል። ይህ መመሪያ የምርት ስሞችን አያወዳድርም፤ በቅድሚያ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፣ ከዚያም ዘዴዎቹን በእነርሱ ይመረምራል።

ጉዳዩ የአንድ ሐይቅ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በዓለም ከሚመረተው ዓሣ 35 በመቶ ያህሉ በየደረጃው እንደሚጠፋ ወይም እንደሚባክን ገምቷል። ብክነቱን ለመቀነስ የቀረቡ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ከተከፋፈሉ በኋላ ሥራ ላይ የቆዩት ግን ሁሉም አይደሉም። ይህንን በሚመለከት የቴክኖሎጂ ሥርጸት ጥናት የሚያስተምረው ነገር አለ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤቨረት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባቀረበው ትንተና አዲስ ነገር በሰዎች ዘንድ የሚሰርጽበትን ፍጥነት የሚወስኑ አምስት ጠባዮችን ለይቷል፦ ከነበረው የሚበልጥበት ጥቅም፣ ከተጠቃሚዎቹ ኑሮና አሠራር ጋር መጣጣሙ፣ አለመወሳሰቡ፣ በጥቂቱ ሊሞከር መቻሉ፣ ውጤቱም ለሌሎች መታየቱ። አሜሪካዊው የመረጃ ሥርዓት ተመራማሪ ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ሲጽፍ ነገሩን በሁለት ጥያቄዎች ጠቅልሎታል፤ ሰውየው መሣሪያው ይጠቅመኛል ብሎ ያምናል ወይ? ለአጠቃቀምስ ይቀለኛል ብሎ ያምናል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ጣና ዳርቻ ስናመጣቸው ከቀዝቃዛነትና ከዋጋ ያለፈ ነገር እንድንጠይቅ ያስገድዱናል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ሰዓት ነው። ዓሣው ከሞተበት ጊዜ አንስቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ስንት ሰዓት ያልፋል? መረብ አመሻሽ ላይ ተጥሎ ንጋት ላይ የሚነሣ ከሆነ፣ መረቡ ላይ ሞቶ ያደረው ዓሣ ሰዓቱ መቆጠር የጀመረው ገና ውኃ ውስጥ ሳለ ነው፤ ስለዚህ ወደብ ላይ ሲራገፍ «ትኩስ» የሚባለው ዓሣ ሁሉ እኩል ትኩስ አይደለም። የሰዓቱን ክብደት የሚወስነው ሙቀት ነው። ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት አንድ ቀመር መሠረት በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተቀመጠ ዓሣ የሚበላሽበትን ፍጥነት አንድ ብንለው፣ በ5 ዲግሪ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፣ በ10 ዲግሪ አራት እጥፍ፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ቀመሩ የተሠራው በቀዝቃዛ ባሕር ዓሦች ላይ በመሆኑ ቁጥሩ ለጣናዎቹ ዓሦች ለቀረሶና ለአምባዛ እንዳለ አይወሰድም፤ አካሄዱ ግን ለእነርሱም ይሠራል። ጠዋት ላይ ለሦስት ሰዓታት መዘግየት ማታ በፍሪዘር የማይካስ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ብርድ መበላሸትን ያዘገያል እንጂ የተበላሸውን አይመልስም።

ሁለተኛው የኃይል ምንጭ ነው፤ አስተማማኝነቱና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጫና አብረው ይታያሉ። ሦስተኛው ጥገና ነው፦ ዕቃው ሲበላሽ ባሕር ዳር ውስጥ የሚጠግነው ባለሙያና መለዋወጫ አለ ወይስ ከአዲስ አበባ ይጠበቃል? የዚህን መመዘኛ ክብደት አጥብቄ አነሣለሁ፤ ምክንያቱም ከዋጋው ግማሹን በስጦታ ያገኙት ማሽን እንኳ አንድ ክፍሉ ከጠፋ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል።

አራተኛው ወጪና ጥቅም በማን ላይ እንደሚያርፉ ነው። አስጋሪው በረዶ ገዝቶ የያዘውንም ሳይዝ ያመጣውንም ዓሣ ተረካቢው በአንድ ዋጋ የሚገዛው ከሆነ፣ አስጋሪው ለበረዶ የሚያወጣው ገንዘብ ለሌላ ሰው ትርፍ የሚውል ይሆናል። እንዲህ ባለው ሁኔታ አስጋሪው በረዶ አለመግዛቱ አለማወቅ ተብሎ ሊታይ አይገባም፤ ሒሳቡን በትክክል ማስላቱ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ማኅበር መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት በብርድ ለመጣ ዓሣ የሚከፍለውን የዋጋ ልዩነት ይወስን። ይህ ሳይኖር የሚገዛ አይስ ቦክስ ጀልባ ላይ ብዙ አይቆይም።

አምስተኛው ሐይቁ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ሲገቡ ዓላማው ምርት ማሳደግ ነበር፤ ምርቱም አደገ። ይሁን እንጂ በቀጣዩ አሥር ዓመት የተደረጉ ጥናቶች ነጭ ዓሣ በሚባሉት የጣና ዝርያዎች ላይ ከባድ ማሽቆልቆል መዘገቡ፤ እነዚህ ዓሦች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መሰል ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ ተሰብስበው ስለሚገኙ በመረብ ለመያዝ የተጋለጡ ናቸው። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የማቆያ አቅም ሲጨምር የገዢው ፍላጎትም ሊጨምር ይችላል፤ ያን ጊዜ ከብክነት የዳነው ዓሣ ሐይቁን ከማሳረፍ ይልቅ ተጨማሪ መረብ እንዲጣል ምክንያት ይሆናል። አዲስ መሣሪያ የሚያስገባ ማኅበር በመራቢያ ወራት ከወንዝ አፍ የመጣ ዓሣ እንደማይረከብ በመተዳደሪያ ደንቡ ቢያሰፍር ለራሱ የነገ ሥራ ዋስትና ይገባል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሀብቱን በዘላቂነት ስለመጠቀም ስለሚደነግግ፣ ደንቡን ከእርሱ ጋር አስተያይቶ ማርቀቅ ይገባል።

በረዶና አይስ ቦክስ

በረዶ ከሁሉም ዘዴዎች ቀላሉና በጣም የሚናቀው ነው። ጥቅሙን ለማየት ስሌቱን እንሥራ። አንድ ኪሎ ዓሣን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 3.6 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ማውጣት ያስፈልጋል፤ አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ደግሞ 334 ኪሎ ጁል ይወስዳል። 22 ዲግሪ ላይ ያለን 100 ኪሎ ዓሣ ወደ ዜሮ ለማውረድ እንግዲህ 24 ኪሎ ያህል በረዶ ይበቃል። ይህ ግን ዓሣውን የማቀዝቀዣው ብቻ ነው፤ በሣጥኑ ግድግዳ የሚገባውና ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የሚጨመረው ሙቀት የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በመሆኑም ለጥቂት ሰዓታት ጉዞ ለሁለት ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ፣ ለረጅም ጉዞ ወይም ለአዳር ኪሎ ለኪሎ መያዝ ይመከራል።

ሣጥኑ ከውጭ የመጣ መሆን የለበትም። አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም በእንጨትና በላሜራ መካከል ተገጥሞ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም፣ ከታች የቀለጠው ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ሣጥን የባሕር ዳር አናጺና ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል። የውኃ መውጫው ወሳኝ ነው፤ ዓሣው በቆሸሸ የቀለጠ ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ከዋለ ቅዝቃዜው ብቻውን አይረዳውም። በረዶው በትናንሹ ተፈጭቶ፣ ሆድ ዕቃው ከወጣና ከታጠበ ዓሣ ጋር በየንብርብሩ መቀመጥ ይኖርበታል፤ በረዶውን ከላይ ብቻ መከመር የታችኛውን ዓሣ ለሙቀት ይተወዋል። በረዶው ከሐይቁ ዳር በተቀዳ ውኃ ሳይሆን ለመጠጥ በሚበቃ ውኃ መሠራት አለበት።

ድክመቱ በየቀኑ መገዛት ያለበት መሆኑና የበረዶ ማምረቻ በሌለበት ዳርቻ ዋጋ የሌለው መሆኑ ነው። በሮጀርስ መለኪያ ሲታይ ግን የሚወዳደረው የለም፤ በአንድ ሣጥን ተጀምሮ ይሞከራል፣ ካልሆነም ብዙ ሳይከስሩ ይተዋል፣ ልዩነቱም ስንጥቡ ቀይ ሆኖ በሚውለው ዓሣ ላይ ለጎረቤት ጀልባ በዓይን ይታያል።

በደንገል ታንኳ የሚያሰግር ሰው ቦታውም ክብደቱም አይፈቅድለትም። ለእርሱ ንጹሕ የራሰ ጆንያ ማልበስና ጥላ ማድረግ በበጋው ደረቅ አየር ዓሣውን ጥቂት ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል፤ በረዶው ዳርቻው ላይ ቢጠብቀው ይበቃል።

ዲፕ ፍሪዘር

ስለ ፍሪዘር በብዛት የሚሠራው ስሕተት የማስቀመጥ አቅሙን ከማቀዝቀዝ አቅሙ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። 300 ሊትር የሚይዝ ፍሪዘር ሙሉውን ትኩስ ዓሣ በአንድ ሌሊት ማርጋት (እንደ በረዶ ማጠንከር) አይችልም። በጀርባው ወይም በውስጥ ጎኑ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ በ24 ሰዓት ስንት ኪሎ ማርጋት እንደሚችል ይገለጻል፤ በተለመዱት የቤት ፍሪዘሮች ይህ ቁጥር ከያዙት ቦታ በእጅጉ ያንሳል። ሲገዙ መጀመሪያ የሚነበበው ይህ ቁጥር ነው። ምክንያቱም አንድ ኪሎ ዓሣን ከ22 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ 79 ኪሎ ጁል ያህል የሚበቃ ሲሆን፣ ከዚያ አርግቶ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለማድረስ ግን ሌላ 280 ኪሎ ጁል ገደማ ይጠይቃል። ማርጋት በጠቅላላው ከማቀዝቀዝ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጃል ማለት ነው። በማግሥቱ ለሚሸጥ ዓሣ ይህን ሁሉ ኃይል ማውጣት ብክነት ነው፤ ከዚህም በላይ ቀስ ብሎ የረጋ ዓሣ ሲቀልጥ ውኃውን ይለቅቃል፣ ፊሌቶውም ይልፈሰፈሳል።

ከአካባቢ አንጻር የመስመር መብራት በእኛ አገር ጥሩ ጎን አለው፤ አብዛኛው ኃይል ከውኃ ስለሚመነጭ። 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያም ተርባይኑን የሚያሽከረክረው ከዚሁ ሐይቅ በተጠለፈ ውኃ ነው። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ይጀምራል። በትንሽ የናፍጣ ጄኔሬተር የሚመረት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ በተጨማሪም ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ወደ 80 በመቶ ዝቅ ይላል፣ አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ኃይል ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ጄኔሬተር ሲመርጡ ይህን ታሳቢ አድርጎ ከፍ ያለ መግዛት ያስፈልጋል።

ከጄኔሬተር በፊት ግን ርካሽ መፍትሔ አለ። የሞላና ያልተከፈተ ፍሪዘር ብርዱን እስከ ሁለት ቀን ገደማ ሊይዝ ይችላል፣ በግማሽ የሞላው አንድ ቀን ያህል። ባዶውን ቦታ ውኃ በሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላትና መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አለመክፈት ብዙ ዓሣ ያድናል። ስታቢላይዘር ግን አይቀርም፤ የመብራት ከፍና ዝቅ ማለት ኮምፕረሰሩን ያቃጥላል። ሁለተኛው የሚነበብ ነገር ፍሪዘሩን የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ዓይነት ነው። አር 134ኤ የተባለው ጋዝ ሲያፈተልክ ከባቢ አየርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,400 ጊዜ በላይ ነው፤ አር 600ኤ እና አር 290 የተባሉት በአንጻሩ ጥቂት እጥፍ ብቻ ናቸው። እነዚህ የኋለኞቹ ተቀጣጣይ ስለሆኑ ጋዙን የሚሞላው ባለሙያ በእነርሱ የሠለጠነ መሆኑን ጠይቆ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ

መብራት ለማይደርስባቸው ወይም ለሚቆራረጥባቸው ዳርቻዎችና ደሴቶች ይህ ዘዴ ብዙ ተስፋ ይሰጣል፤ ስለዚህም ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለ 500 ዋት የሶላር ፓኔል በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ፣ በመስመሩ የሚጠፋው ሲቀነስ ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ያ በደንብ የታሸገ አንድ ፍሪዘርን የረጋ ዓሣ እንደያዘ ለማቆየት ሊበቃ ይችላል፤ በየቀኑ 50 ኪሎ ትኩስ ዓሣ ለማርጋት ግን ጨርሶ አይበቃም። ሻጩ ያቀረበው ስሌት በጥር ፀሐይ የተሠራ ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ ደመና እንደማይይዝ መታወቅ አለበት።

የዚህ ዘዴ ደካማ ጎን ባትሪው ነው። ፓኔሉ ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ በጥቂት ዓመታት ያልቃል፣ ሲጣልም እርሳሱ አፈርና ውኃ ይበክላል። የሊቲየም ባትሪ ዕድሜው ረዘም ቢልም መነሻ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ለዚህ ዳርቻ የተሻለ ሆኖ የማየው ቀን ቀን በፀሐይ በረዶ ሠርቶ ሌሊቱን በዚያው በረዶ የሚያልፈው ዓይነት ነው፤ ኃይሉን በባትሪ ፈንታ በበረዶ ስለሚያከማች የሚያረጅ ዕቃ ይቀንሳል፣ ትርፍ በረዶውም ለጀልባዎቹ ይሸጣል።

የፀሐይ ማቀዝቀዣ ለአንድ ሰው የሚከብድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በማኅበር ይገዛል። የጋራ ንብረት ደግሞ ለጽዳቱ፣ ለባትሪው መተኪያና ለቁልፉ ኃላፊ ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ ኪሎ ጥቂት ሳንቲም ለመተኪያ የሚቀመጥበት ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን ካልተከፈተ ባትሪው ሲሞት ማኅበሩም አብሮ ይከፋፈላል።

ማድረቅና ማጠን

ማድረቅ ብርድ አይፈልግም፣ ክብደትም ይቀንሳል፤ 75 በመቶ ውኃ ያለበት 100 ኪሎ ዓሣ የውኃ መጠኑ ወደ 15 በመቶ ሲወርድ 30 ኪሎ ያህል ይሆናል። የጣና የዓሣ ቋንጣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄድበት የቆየ ንግድ ስላለው ገበያው አዲስ አይደለም። መሬት ላይ ወይም ገመድ ላይ የሚደርቀው ግን ለአቧራ፣ ለዝንብና ለነቀዝ የተጋለጠ ነው። ከእንጨትና ከፕላስቲክ የሚሠራው የድንኳን ማድረቂያ በውስጡ ሙቀቱን ከፍ በማድረግ የዝንብ እጭን ይከላከላል፤ አየር ማስገቢያና ማስወጫው ከተዘጋ ግን ዓሣው ይበስላል እንጂ አይደርቅም። ፕላስቲኩም በፀሐይ እየተበላ በየጊዜው ይቀየራል። ማድረቅ ሊሸጥ ያልቻለ፣ መሽተት የጀመረ ዓሣ መሸሸጊያ ከሆነ ገዢው አንዴ ቀምሶ አይመለስም። በክረምትም አይሠራም።

ማጠን ማገዶ ይበላል። በጋና ቾርኮር በተባለ የአስጋሪዎች መንደር የተሠራው ምድጃ ፍጆታውን ይቀንሳል፤ ቢሆንም በጣና ዙሪያ በተረፈው ደን ላይ አዲስ የማገዶ ፍላጎት መጨመርን አልደግፍም።

ስለ መዝገብ

ዓሣው ከየት እንደመጣና በማን እጅ እንዳለፈ የሚመዘግብ የዲጂታል መከታተያ ሥርዓት የሚያቀርቡ ድርጅቶችም አሉ። በጣና ዙሪያ ብዙው ዓሣ በሁለትና በሦስት እጅ አልፎ ገዢው ዘንድ ስለሚደርስ፣ አምስት ዓምድ ያለው ደብተር ለጊዜው ይበቃል፦ የመጣበት ቦታ፣ መረቡ የተነሣበት ሰዓት፣ ዓይነቱ፣ ኪሎው፣ ሲረከቡት የነበረው የዓሣው ሙቀት። የሚወጋ ቴርሞሜትር ከማንኛውም ማሽን በፊት ይገዛ። ክፍያው በቴሌብር ከሆነ የቀኑና የገንዘቡ መዝገብ ራሱ ይቀመጣል፤ ወደ ስልክ መተግበሪያ መሸጋገር የሚያስፈልገው ደብተሩ ለወራት ሳይቋረጥ ከተሞላ በኋላ ነው።

ንጽጽሩ በሠንጠረዥ

| ዘዴ | የሚያቆይበት ጊዜ | መነሻ ወጪ | የዕለት ወጪ | ጥገና | በክረምት |
|---|---|---|---|---|---|
| በረዶና አይስ ቦክስ | በረዶው እየተተካ ከሳምንት በላይ | ዝቅተኛ | በረዶ | በአካባቢ አናጺ | ይሠራል |
| ዲፕ ፍሪዘር በመስመር መብራት | ወራት | መካከለኛ | መብራት | ባለሙያ በከተማ | ይሠራል |
| ፍሪዘር ከጄኔሬተር ጋር | ወራት | ከፍ ያለ | ነዳጅ | ተደጋጋሚ | ይሠራል |
| የፀሐይ ማቀዝቀዣ | እንደ በረዶው ወይም እንደ ፍሪዘሩ | ከፍተኛ | አነስተኛ | ባትሪ መተካት | ይዳከማል |
| የድንኳን ማድረቂያ | ወራት | ዝቅተኛ | ጉልበት | ፕላስቲክ መቀየር | አይሠራም |
| ማጠን | ቀናት | ዝቅተኛ | ማገዶ | ቀላል | ይሠራል |

ለማን የትኛው?

ከመወሰንዎ በፊት የሚበላሽብዎትን ዓሣ ለአንድ ወር ይመዝኑ። ለምሳሌ በቀን 60 ኪሎ የሚረከብ ማኅበር ከዚያ 6 ኪሎው የሚጣል ወይም በርካሽ የሚሸጥ ከሆነ፣ በ25 የሥራ ቀናት 150 ኪሎ ያጣል። የዚያ ዓሣ ዋጋ ለወር ያህል የሚያወጡት ገንዘብ ጣሪያ ነው፤ ማንኛውም መሣሪያ በዕድሜው ተከፋፍሎ ከዚህ ጣሪያ በላይ ከጠየቀ አያዋጣም።

ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ምግብ ቤት የዕለቱን ዓሣ ለዕለቱ የሚያበስል ከሆነ ፍሪዘር ከመጨመር ይልቅ በማለዳ በበረዶ የሚያቀርብለት አስጋሪ ቢያገኝና ጥቂት ከፍ ያለ ዋጋ ቢከፍል ይጠቀማል። በዐቢይ ጾም ፍላጎቱ ሲያይል አስቀድሞ ለማከማቸት አንድ ፍሪዘር ይበቃዋል፤ እርሱንም በየቀኑ በጥቂቱ ይሙላ።

በሞተር ጀልባ የሚያሰግሩ አባላት ያሉት ማኅበር የመጀመሪያውን ገንዘብ በጀልባ ላይ ሣጥኖች፣ ሁለተኛውን በወደብ ላይ በረዶ ማምረቻ ላይ ቢያውል ቅደም ተከተሉ የተስተካከለ ይሆናል። ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ 560 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስላለበት ወይ ኪሎ ለኪሎ በበረዶ፣ ወይ አስቀድሞ በደንብ የረጋ ዓሣ ይላክ፤ በግማሽ የቀለጠ የረጋ ዓሣ ከሁለቱም ይብሳል፣ ዳግመኛም አይርጋ። አነስተኛ ካፒታል ይዞ ለሚጀምር የወጣቶች ማኅበር በበጋ የድንኳን ማድረቂያ፣ በክረምት የበረዶ ሽያጭ ተደጋግፈው ሊሄዱ ይችላሉ።

እንደ ደቅ ባሉ ደሴቶችና በጎርጎራ በኩል ከከተማ ራቅ ባሉ የማራገፊያ ቦታዎች በረዶ የሚሠራው የፀሐይ ማቀዝቀዣ ከሌሎቹ ይሻላል፤ የግዢ ውሉ ግን ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይያዝ፦ ማሽኑ በነሐሴ በቀን ስንት ኪሎ በረዶ እንደሚሰጥ፣ ባትሪ ካለው መተኪያው ከየትና በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ብልሽት ሲደርስ በጀልባ ተሻግሮ የሚመጣው ባለሙያ ወጪ የማን እንደሆነ። የመጨረሻው ክፍያም ማሽኑ ቢያንስ ሁለት የክረምት ሳምንታት ሠርቶ፣ የሰጠው በረዶ በየቀኑ ተመዝኖ ከውሉ ጋር ከተነጻጸረ በኋላ ይፈጸም።